በሰው እጅ የሄደ ግብር

ልጆቹ ናቸው ይንገሩን ያሉኝ። እኔስ ዝም ብዬው የኖርሁት ነገር ነበር።

ገንዳ ውሃ፣ ትልቁ የልጅ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። እሱ የሰሊጥ መጋዘን ተቀጥሮ ይሠራል። ደመወዙን ተቀብሎ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ማጉረምረም ጀመረ።

«ይኸው፣ እጄ ሳይገባ ቆርጠውታል። ግብር ነው ይላሉ። እኔ በእጄ ሳልሰጥ እንዴት ገበርህ ይሉኛል?»

ታናሽ እህቱ ሳቀችበት። «አንተ ብቻ ነህ እንዴ? የተቀጠረ ሁሉ ይቆረጥበታል። ይልቅ እምዬን ጠይቃቸው። በሳቸው ጊዜ ጭቃ ሹሙ ደጅ ድረስ መጥቶ ነበር አሉ የሚሰበስበው።»

«እውነት ነው እምዬ? በእርስዎ ጊዜ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ አልነበረም?»

«ነበር» አልሁት። «እኔም ተቆርጦብኛል።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አያታቸው ደመወዝ ተቀብላ ታውቃለች ብለው አስበው አያውቁም። ልጅቱ ቶሎ ብላ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «እንግዲያማ ይንገሩን። ሌላም አለ። ለምንድን ነው አንድ ቤት አርፈው የማይቀመጡት? ኮኪት ሳምንት፣ ሽንፋ ሳምንት፣ እዚህ ሳምንት። ሰው እኮ ልጆቻቸው አልያዟቸውም እያለ ያማናል» አለችኝ።

የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ መልሱ ግን አንድ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥሁም። ፊደሉን የለየሁት ካረጀሁ በኋላ፣ ከዚችው ልጅ ደብተር ላይ ነው። ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው። ምሬት በዛበት የሚለኝ ካለም ይበለኝ። ጣፋጩን እየመረጥሁ ብጽፍ አንድ ገጽ አይሞላልኝም።

ከጭልጋ ደጋ የወረድነው ጣልያን ጎንደርን በያዘ ሰሞን ነው። ባለቤቴ የብዙ ወንድማማች መጨረሻ ነበር። የአባቱ ርስት ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ እሱ ጋ ሲደርስ ጥማድ በሬ የማያዞር ቁራጭ ሆነ። «በሬዎቼ አፍንጫቸው የወንድሜ ማሳ ውስጥ ነው የሚገባው» እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን እያደር ከረረ። ወንድሙ በሬውን በድንጋይ የመታበት ቀን ነው ልሂድ ያለው።

ያኔ ጣልያን እስከ መተማ የካሚዮን መንገድ ያወጣል፣ ድንጋይ የሚፈልጥና አፈር የሚዝቅ ሰው ይፈልጋል ይባል ነበር። ጣልያንን ወደን አይደለም። ጀግና ሁሉ ጫካ ገብቷል። ያው ታላቅ ወንድሙ ስንነሳ ደጅ ላይ ቆሞ፣ «ለጠላት መንገድ ልትጠርግ ነው?» አለው።

«መሬት ስጠኝና ልቅር» አለው ባለቤቴ።

እኛም ወረድን።

ቆላው ለደገኛ ክፉ ነው። ሙቀቱ አንድ ነገር ነው፤ ንዳዱ ግን ሰውን እንደ እንጨት አድርቆ ይጥለዋል። የሠራተኞቹ ሰፈር ከገንዳ ውሃ ወደ ኮኪት ሲሄዱ ከወንዙ ከፍ ብሎ ነበር። ከሣርና ከሸምበቆ የተሠራ ጎጆ፣ በየጎጆው ብርድ ብርድ የሚለው ሰው። ወንዶቹ ድንጋይ ይፈልጣሉ፤ እኛ ሴቶቹ ውሃ እንቀዳለን። በእንስራ ቢሆን ደግ፤ እንስራው በዚያ ድንጋይ ላይ ሲሰበር ጊዜ የፍየል ቆዳ ስልቻ ሰጡን። ሞልተው ሲያዝሉት ጀርባ ላይ ይንቦጫረቃል፣ ቀሚስ አይቀረው፣ ነጠላ አይቀረው። እኔ ያኔ ልጅ እግር ነበርሁ፤ ጀርባዬ አልደረቀም እንጂ አልታመመም።

ጣልያኑን አለቃ ከሩቅ ነበር የምናየው። ባርኔጣውን እንጂ ፊቱን አላውቀውም። የቀጠረን፣ የሚያሠራንና የሚከፍለን ካቦው ነው። ካቦ ይሉታል የሠራተኛ አለቃውን። ካቦው ፈረንጅ አይደለም። እንደኛው ደገኛ ነው፤ ይጾማል፣ ያስቀድሳል። የጣልያኑን ቋንቋ ለንግድ ያህል ያውቅ ነበር። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ወንዱን ሁሉ ወንድሜ፣ ሴቱን ሁሉ እህቴ ይላል። ንዳድ የያዘውን ሰው ደጅ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ጠይቆ ሲመለስም ያልሠራበትን ቀን ክፍያ አይሰጠውም።

ክፍያ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ካቦው አንድ ትልቅ ኩርኩራ ዛፍ ሥር ቁርበት አስነጥፎ ይቀመጣል። በቀኝ በኩል ገንዘቡ ያለበት ሣጥን፣ በግራ በኩል አንድ የቆዳ ከረጢት አለ። ከሣጥኑ የሰውየውን ክፍያ ያወጣል፤ ከዚያ ላይ ቆንጠር ያደርግና ወደ ከረጢቱ ይጨምራል፤ የቀረውን ይሰጣል። የቆነጠረውን ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነበር የሚያልፈው፤ «ይህ የመንግሥት ነው» ይላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጉርምርምታው ልክ አልነበረውም። አንድ ረጅም ወሎዬ ነበር። ሚስቱን ወሎ ትቶ የመጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ተራው ደርሶ ሲቆረጥበት እንዲህ አለ፦

«ጌታው፣ የኔን ቀስ ብለው ይቆንጥሩ። ከስታለችና እጅዎ ላይ እንዳትሞት።»

ሰው ሳቀ። ካቦውም ሳቀ። ከኋላ ግን አንድ ድምፅ፣ «ለየትኛው መንግሥት ነው?» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ማን እንደተናገረ ለማየት የዞረ ሰው አልነበረም። ካቦው ከረጢቱን እያሰረ፣ «መንግሥት መንግሥት ነው። ጆሮም አለው» አለ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም።

በክፍያ ቀን ከድንበሩ ማዶ እየመጣ ስኳር፣ ትምባሆና ሻይ ቅጠል የሚሸጥልን አንድ ነጋዴ ነበር። አባቱ የሱዳን ሰው፣ እናቱ የመተማ ልጅ ናት ይባላል። አማርኛውና አረብኛው ተደባልቆበታል፤ ጣልያኑን እንደ ሱዳኖቹ ሃዋጃ ነው የሚለው። ያን ቀን ስኳሩን እየቋጠረልኝ እንዲህ አለ፦

«እኔ የመተማ ሱቄን ግብር እዚያው ሄጄ፣ ሃዋጃው ፊት ቆሜ፣ በእጄ ነው የምሰጠው። የሰው እጅ ረጅም ነው፣ ወላሂ።»

ነጋዴ ስለሆነ ሰው አያምንም ብዬ አለፍሁት።

ወደ ጎጆአችን ስንሄድ ባለቤቴ ከፊቴ እየሄደ ብቻውን ይስቃል።

«ምን ያስቅሃል? ገንዘብህን ወስደውብህ?» አልሁት።

«ግብር ነው እኮ የወሰዱት።»

«ታዲያ ግብር ገንዘብ አይደለም?»

ቆመና ዞረ። ፊቱ እንዲያ ሲበራ ያየሁት በሠርጋችን ቀን ነበር። «አንቺ አልገባሽም። ግብር የሚጠየቅ ማን ነው? ባለመሬት ነው። አባቴ ሲሞት ምን አለን? መሬቱን አትልቀቁ አላለም። ግብሩን አትልቀቁ፣ መሬቱ ራሱ ይከተላችኋል ነው ያለው። ይኸው ገበርሁ። እንግዲህ መሬቱን መያዝ ነው የቀረኝ።»

የዛሬ ልጆች ይህ ሞኝነት ይመስላችኋል። በኛ አገር ግን ነገሩ እንዲህ ነበር። ሁለት ሰው በመሬት ሲካሰስ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው ማን አረሰው ብሎ አይደለም፤ ማን ሲገብርበት ኖረ ብሎ ነው። ገባሪ የሆነ ሰው ከመሬቱ የሚነቅለው የለም። ስለዚህ ድንጋይ ሲፈልጥ ውሎ ግብር የተቆረጠበት ደገኛ፣ መንግሥት ባለመሬት አደረገኝ ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል? ሌሎቹም በልባቸው ያሰቡት ይመስለኛል። ሜንጫውን ያነሳው ግን እሱ ነው።

ከሰፈሩ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ወዲህ፣ ጥቁር አፈር ያለው ጫካ ነበር። ባለቤት የለውም፤ እሾህና ከርከሮ ነበር የሚኖርበት። የመንገዱ ሥራ ሙቀቱ ሲበረታ ይቆማል። ሰው ጥላ ፈልጎ ሲተኛ ባለቤቴ ወደዚያ ይወርዳል። እሾሁን ይመነጥራል፣ ጉቶውን ያቃጥላል። እኔም የስልቻዬን ትራፊ ውሃ ይዤለት እሄዳለሁ። መዳፉ በመዶሻው የቆሰለ ነው፤ ሜንጫው ደግሞ ቁስሉን ይገልጠዋል። አመድ ነስንሶበት ይቀጥላል።

አንድ ቅዳሜ ከክፍያው በኋላ ካቦውን ጠብቆ ጠየቀው። እኔ አጠገቡ ነበርሁ።

«ጌታዬ፣ ያ የሚቆረጠው ግብር በኔ ስም ነው የሚገባው?»

ካቦው ቁልቁል ወደ ወንዙ አየ። ጭሱ ከምንጣሮው ላይ ይታይ ነበር። «በማን ስም ሊገባ ኖሯል ወንድሜ? እኔ እኮ እጅህ ነኝ። እግርህ መተማ ድረስ እንዳይደክም በቅሎዬ ይሄድልሃል።»

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው። እኔም ደግ ሰው ነው ብዬ መረቅሁት። ያችን ምርቃት ብመልሳት ደስ ይለኝ ነበር፤ የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር አፈር ካሚዮን አያሳልፍም፤ ሥራው ቆመ። ብዙው ሰው ወደ ደጋ ወጣ። እኛ ቀረን። ከላይ ማሽላ፣ ከታች ሰሊጥ ዘራን። ባለቤቴ ስንመነጥር መካከሉ ላይ ካስቀረነው ዛፍ ወዲያ ያለውን ቆሞ አሳየኝና፣ «ይህ ያንቺ ነው» አለኝ።

«እኔ ምን አለኝ?»

«አንቺስ አልተቆረጠብሽም? ውሃ ተሸክመሽ የገበርሽው የት ሄደ? ሰው በግብሩ ልክ ነው የሚይዝ።»

በእናት በአባቴ ቤት ለሴት እንዲህ ተብሎ አልሰማሁም። ስቄ አለፍሁት። ማታ ማታ ግን ሄጄ ዳሩን እዞረው ነበር። ልጆች፣ እናታችሁ የተወለደችው እዚያ ነው፤ ከዛፉ ወዲያ፣ የኔ ከተባለው ላይ፣ ወፍ ለመጠበቅ ከሠራናት ዳስ ውስጥ።

በበጋ ሰው ተመልሶ መጣ፣ መንገዱም ቀጠለ። የሚቆረጠውም ጨመረ። ካቦው፣ «መንግሥት ጨምሯል፤ እኔ ምን ላድርግ» አለ። ሰው አንገቱን ደፋ። ባለቤቴ ግን ማታውኑ ሜንጫውን ስሎ ጫካውን ወደ ላይ ገፋው። ግብሩ ሲጨምር መሬቱም መስፋት አለበት ይላል። ወሎዬው ይህን ሲሰማ መዶሻውን ጥሎ ሳቀ።

«አንተ ሰው፣ እንደ አያያዝህ ደመወዝህን ጠቅልለው የወሰዱብህ ቀን ደጃዝማች ትሆናለህ።»

«ሳቅ» አለው ባለቤቴ። «አንተን ቁራጭ መሬት እሰጥህና ጭሰኛዬ ትሆናለህ።»

«እኔማ የማዝነው ለመሬቱ ነው፤ እንዳንተ ያለ ጌታ ሊመጣበት።»

እንዲህ እየተባባልን ክረምቱ ዳግመኛ መጣ። ያ ዓመት ሰሊጡ ያማረበት ዓመት ነበር። ሰሊጥ አጭዶ እንደ ጤፍ አይከመርም። ነዶውን ወደ ላይ አቁሞ፣ እርስ በርሱ አስደግፎ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ሂላ እንለዋለን እንዲያ የቆመውን። ማሳችን ላይ ሂላው እዚህም እዚያም ቆሞ ከሩቅ ሲያዩት ሰው የተሰበሰበ ይመስል ነበር። ባለቤቴ በመካከሉ እየሄደ፣ «እንደምን ዋላችሁ» ይለዋል።

ካቦው በበቅሎው የመጣው ያኔ ነው፤ ከኋላው ሁለት ዱላ የያዙ ሰዎች አሉ። ከበቅሎው አልወረደም። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየና፣ «መቼም ጎበዝ ነህ ወንድሜ። በደንብ አቀናህልኝ» አለ።

ባለቤቴ ያልሰማ መሰለ። «ምን አሉኝ?»

«መሬቴን በደንብ አቀናህልኝ ነው የምልህ። ደክመሃልና ከሰሊጡ እኩሌታውን ውሰድ። ለከርሞ ማረስ ብትፈልግም አልከለክልህም፤ እየተካፈልን ነው።»

«መሬትዎ በምን ሆነ?»

«በግብሩ ነዋ። መተማ ድረስ ወስጄ የገበርሁበት እኔ አይደለሁም?»

እኔ ልጄን ጡት አጥብቼ ዳሱ ደጅ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየው። ድንጋዩንም ጫካውንም የሰበረ ክንድ ነበረው፤ ዱላም ቅርቡ ነበር። እጁን ግን አላነሳም። «እንግዲህ ሽማግሌ ይየን» አለ።

የአገሩ ሽማግሌዎች እዚያው አቅራቢያ ካለ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ከዋርካ ሥር ተቀመጡ። ከመካከላቸው ዋናው ድሮ በንጉሡ ዘመን ጭቃ ሹም የነበሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። ግብር ሲሰበስቡ ነው ያረጁት። ካቦውን ይፈራሉ የሚል አለ። እኔ ግን ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ፤ የሚያውቁትን ሕግ ነው የፈረዱት። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

«አንተ ልጅ፣ ገብረሃል?» አሉት ባለቤቴን።

«ገብሬያለሁ አባቴ።»

«ለማን እጅ ሰጠህ?»

«አልሰጠሁም። ከክፍያዬ ላይ ተቆረጠብኝ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ከእጅህ ያልወጣውን እንዴት ገበርሁ ትላለህ? ግብር ባለቤቱ ተሸክሞ፣ በሹሙ ፊት ቆሞ፣ እማኝ ባለበት ይሰጣል። ሌላ ግብር አላውቅም።»

«ጊዜው ተለውጧል አባቴ። አሁን አሠሪው ነው የሚቆርጥ፣ አሠሪው ነው የሚያደርስ።»

«ካደረሰ መልካም። እማኝ አለህ?»

ወሎዬው ተነሳ። ያን ቀን አልቀለደም። «እኔ አለሁ። በየቅዳሜው ሲቆረጥበት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሲቆረጥ አየህ። መንግሥት ዘንድ ሲገባስ አየህ?»

«አላየሁም» አለ ወሎዬው።

ካቦው ተራው ሲደርስ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ቆራጩም አድራሹም እኔ ነኝ፤ በቅሎዬ ያን መንገድ ታውቀዋለች፤ በሹሙ ፊት የቆምሁት እኔ ነኝ፤ የማንም ስም አልተጠራም፣ የተጠራው የኔ ስም ነው አለ። ባለቤቴ፣ «እጅህ ነኝ አላሉኝም?» ቢለው፣ «አዎ፣ አልሁህ። እጅ ነው እኮ የሚገብር» ብሎ መለሰለት።

አዛውንቱ ነገሩ በመሐላ ይለቅ አሉ። በኛ ልማድ እማኝ ሲጠፋ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ይዞ መማል ነው፤ የማለ ይፈረድለታል። በሐሰት የማለ ደግሞ ዘሩ አይባረክም ይባላል። አስቀድመው ዕድሉን የሰጡት ለባለቤቴ ነው።

«ደጁን ይዘህ፣ ግብሬ መንግሥት ዘንድ ገብቷል ብለህ ማል። ከማልህ መሬቱ ያንተ ነው።»

አንድ ቃል ናት የቀረችው። ሄዶ ደጁን ያዘ። እኔ በሆዴ በል፣ በል እለዋለሁ። ሕፃኗ ጀርባዬ ላይ ናት። እጁ ደጁ ላይ እያለ ዞሮ አየኝ። ከዚያ እጁን አነሳ።

«ሲቆረጥ አይቻለሁ። ሲገባ ግን አላየሁም» አለ። «ያላየሁትን አልምልም።»

ካቦው መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ደጁን ያዘ። «የሠራተኛውን ግብር ሁሉ በእጄ፣ ለመንግሥት ሹም አስገብቻለሁ። አላስገባሁ እንደሆነ ይህ ደጅ ይፍረድብኝ» አለ።

አዛውንቱ ሲነሱ ምርኩዛቸውን ፈልገው የባለቤቴን ትከሻ ያዙ። «ልጄ፣ አባትህ ይህን አልነገረህም ኖሯል። ግብሩን በሰው እጅ የሰደደ ሰው፣ መሬቱንም በሰው እጅ ያገኛታል» አሉት።

ከሰሊጡ እኩሌታውን ወሰድን። ኩራት የሚያበላ አልነበረንም። ለነጋዴው ሸጥንለት። ነጋዴው መዝኖ ሲከፍለን ቀና ብሎ ባለቤቴን አየ፤ የሆነ ነገር ሊል አስቦ ተወው መሰለኝ። ባለቤቴ በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ኩርኩራው ሥር ተራውን ጠብቆ ቆመ። ካቦው ከክፍያው ላይ ቆነጠረ፣ «ይህ የመንግሥት ነው» አለ። ባለቤቴ የቀረውን ተቀበለ። ወሎዬው ከኋላው ቆሞ ነበር፤ ያን ዕለት አንድ ቀልድ አልወጣውም።

ከጊዜ በኋላ ጣልያን ተመታና ወጣ። ባንዲራው ሲለወጥ ባለቤቴ ልብሱን አጥቦ አዲሱ ዳኛ ዘንድ ሄደ። የጠላት ጊዜ ፍርድ ይሻርልኛል ብሎ ነው። ዳኛው ሰማውና፣ «በመሬቱ ላይ ማን ሲገብር ኖረ?» ብሎ ጠየቀው። ያችኑ ጥያቄ ማለት ነው። ካቦውም እንደ ጣልያኑ ያደርገው የነበረውን ባርኔጣ ጥሎ ሻሽ ጠምጥሞ መጥቷል፤ የማለበትን ደጅ ጠርቶ እማኝ ቆጠረ። ጣልያን ሄደ፤ ካቦው ቀረ።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ለራሱ ጫካ አልመነጠረም። በአጨዳ ጊዜ እየተቀጠረ የሰው ሰሊጥ ያጭድ ነበር። አንድ ዓመት ሥራ ጠፍቶ እዚያው ያቀናው መሬት ላይ በቀን ክፍያ ገባ። የሱን ከላይ ያለውን አጨደ። ከዛፉ ወዲያ ያለው ጋ ሲደርስ ማጭዱን አስቀመጠና፣ «ይህን ሌላ ሰው ይጨደው» ብሎ ወጣ። ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ንዳዱ ሽንፋ ላይ ሲወስደው እናታችሁ ገና ጥርሷን አልነቀለችም።

እኔም ልጄን ይዤ ቆላውን ዞርሁ። ጎጆ የቀለስሁበት መሬት ሁሉ የሰው ነበር። አንድ ቦታ ሰነባብቼ፣ ዛፉን በስሙ፣ ጉድጓዱን በመልኩ ማወቅ ስጀምር አንድ በበቅሎ የተቀመጠ ሰው መጥቶ በደንብ አቀናሽልኝ የሚለኝ ይመስለኛል። ሳይመጣ እነሳለሁ። ልጆቼ ያልያዙኝ ሆነው አይደለም። ለሚያማችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

የቀረችው አንዲት ነገር ናት። እሷን የሰማሁት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው፤ ባለቤቴ ሞቷል፣ አዛውንቱም ሞተዋል። ካቦው ባለብዙ መሬት ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ አልብሶ፣ በክብር ተቀብሯል። እኔ ያኔ የደረቀ ባምያ ይዤ ድንበሩን እየተሻገርሁ እሸጥ ነበር። ማዶ ገበያው ላይ አንድ ሽማግሌ ባምያዬን አገላበጠና ቀና ብሎ አየኝ። ነጋዴው ነበር። ጢሙ ሁሉ ነጥቷል። ስለ ባለቤቴ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። አንገቱን ነቀነቀ።

«አላህ ይማረው። ያን ጊዜ ለምን አልማለም ብዬ ሁልጊዜ ይገርመኛል» አለ።

«ሲገባ አላየሁም ብሎ ነው ሐጂ።»

«ማን አየና? ምን ገባና?» እጁ ላይ ያለውን ባምያ መልሶ ጆንያው ውስጥ ጣለው። «እናንተ አታውቁም ነበር እንዴ ልጄ? እኔ እኮ ሁላችሁም እያወቃችሁ ካቦውን ፈርታችሁ ዝም ያላችሁ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ነገረኝ። መንገዱ ገና ሲጀመር የሱቁን ግብር ሊከፍል መተማ ሄዶ፣ ካቦውም እዚያው ቆሞ ነበር። የግብሩ ሹም ጣልያን በአስተርጓሚ ሲናገር ነጋዴው በጆሮው ሰምቷል። ከመንገድ ሠራተኛ አንዳች ግብር እንዳትቆርጥ፣ ከተቆረጠባቸው ድንበሩን ዘለው ሱዳን ይገቡና የመንገዱ ሥራ ይቆማል፣ ብሎ ካቦውን አስጠንቅቆት ነበር።